የማያቋርጥ ዐዲስነትና የሥራ ዝለት በኮምፒዩተር ሙያ

መግቢያ

በኮምፒዩተር ሙያ የሚሠሩ ሰዎች ደመወዛቸው ከብዙ ሌሎች ሙያተኞች የተሻለ ስለ ሆነ፣ ሥራቸውም በጥላ ሥር ተቀምጠው የሚሠሩት ስለ ሆነ፣ ከውጭ ለሚመለከታቸው የሚያማርራቸው ነገር ያለ አይመስልም። ነገር ግን ከእነርሱ መካከል ጥቂት የማይባሉት ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት ከሠሩ በኋላ፣ ዕውቀታቸው በበሰለበት ዕድሜ፣ ሙያውን ጠልተው ሲተዉት፣ ወይም ወንበራቸውን ሳይለቁ ልባቸው ከሥራው ሲርቅ ይታያል። ምክንያቱን ሲጠየቁ የሥራውን ክብደት ብቻ አያነሡም፤ በየጊዜው ዐዲስ ነገር እየመጣ የተማሩት ሁሉ ሳይጠግቡት እንደሚያረጅባቸው ይናገራሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ድካም ከምን እንደሚመነጭ መመርመር ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2024 ዓመት በሐምሌ ወር አገራችን ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር ለአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን የፕሮግራም አጻጻፍና ተዛማጅ ትምህርት የሚሰጥበትን ዕቅድ አስጀምራለች። ከእኛም ከተማሪዎቹ መካከል ወደዚህ ሙያ ለመግባት የሚዘጋጁት ብዙዎች ናቸው። "የትኛውን ልማር? የተማርሁትስ እስክመረቅ ድረስ ይቈይልኛል ወይ?" የሚለው ጥያቄ በየመኝታ ቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ የሚሰማ ነው። ለዚህ ጥያቄ ተገቢውን መልስ ለማግኘት አስቀድሞ የበሽታውን ሥር ማወቅ ይገባል። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

፩. የሥራ ዝለት ምን ማለት ነው?

ፈረንጆች "በርን አውት" የሚሉትን ቃል እኛ በዚህ ጽሑፍ "የሥራ ዝለት" ብለን ተርጕመነዋል። የፈረንጅኛው ቃል በቀጥታ ሲፈታ ተቃጥሎ ማለቅ ማለት ነው። ጋዙ ያለቀበት ኩራዝ ለጥቂት ጊዜ ክሩን ራሱን እያነደደ እንደሚበራ፣ የዛለ ሠራተኛም ለጊዜው ከራሱ ከሰውነቱ እየቀነሰ ይሠራል፤ ኋላ ግን ይጠፋል።

ይህን ሁኔታ በጥናት መልክ ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ በኒው ዮርክ ይሠራ የነበረ የሥነ ልቡና ሐኪም ነው። በ1974 ባወጣው ጽሑፍ፣ በነጻ ሕክምና መስጫ ውስጥ ሲያገለግሉ የነበሩ ሰዎች እንዴት እንደ ዛሉ ገልጿል። ከተናገረው ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ለዝለት ይበልጥ የሚጋለጡት ሰነፎች ሳይሆኑ ሥራቸውን ከልብ የሚወድዱት መሆናቸው ነው። ከእርሱ በኋላ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ ያስተምሩ የነበሩት ክሪስቲና ማስላክ ከሱዛን ጃክሰን ጋር ሆነው በ1981 የዝለት መለኪያ አወጡ። በዚህ መለኪያ መሠረት ዝለት ሦስት ገጽታዎች አሉት። አንደኛው የመንፈስ መድከም ነው። ሁለተኛው ለሥራውና በሥራው ለሚገናኙት ሰው ልብ መንሣት፣ በሁሉም ነገር ላይ ማፌዝ ነው። ሦስተኛው "የሠራሁት ነገር ለምንም አልጠቀመም" የሚል ስሜት ነው።

የዓለም የጤና ድርጅትም በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የሥራ ዝለትን ጠቅሶታል። ይሁን እንጂ በሽታ ነው አላለም፤ በሥራ ቦታ ለረዥም ጊዜ ከቈየና በሚገባ ካልተያዘ ጭንቀት የሚመጣ፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክሥተት መሆኑን ነው የገለጸው። ይህ አነጋገር ጠቃሚ ነው። ምክንያቱን በሠራተኛው ሰውነት ውስጥ ብቻ ከመፈለግ ይልቅ የሥራውን አደረጃጀት እንድንመረምር ያመለክተናልና።

፪. ፋሽን እንዴት ይወለዳል?

የልብስ ፋሽን እንዳለ ሁሉ የቴክኖሎጂም ፋሽን አለ። ጋርትነር የሚባለው የአሜሪካ አማካሪ ድርጅት ከ1995 ጀምሮ ይህን ጉዞ በአምስት ደረጃ ከፍሎ በሥዕል ሲያሳይ ቈይቷል። መጀመሪያ ዐዲሱ ነገር ብቅ ይላል፤ ቀጥሎ ከልክ ያለፈ ተስፋ ጫፍ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ተስፋ መቍረጥ ሸለቆ ይወርዳል፤ እንደ ገና በማስተዋል ዐቀበት ቀስ እያለ ይወጣል፤ በመጨረሻም ጥቅም ወደሚሰጥበት ሜዳ ይደርሳል። ሁሉም ቴክኖሎጂ በዚህ መንገድ ያልፋል ማለት አይደለም፤ በሸለቆው ውስጥ ወድቆ የሚቀርም አለ። ቢሆንም ሥዕሉ ለአስተያየት ይረዳል።

የተስፋው ጫፍ ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በ2017 በታኅሣሥ ወር በአሜሪካ አገር የቀዘቀዘ ሻይ እየሸጠ ይኖር የነበረ አንድ ኩባንያ ስሙን ለውጦ "ሎንግ ብሎክቼን" ተባለ። ብሎክቼን በዚያ ወራት ከቢትኮይን ጋር ስሙ የገነነ ቴክኖሎጂ ነበር። ኩባንያው ስሙን ከመለወጥና ዕቅዱን ከመናገር በቀር ገና የሠራው ነገር ሳይኖር፣ የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በሚከተለው ዓመት ግን ከናዝዳክ የአክሲዮን ገበያ ተሰረዘ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ የከበደ ነው። ፌስቡክ የተባለው ታላቅ ኩባንያ በ2021 በጥቅምት ወር ስሙን "ሜታ" ብሎ፣ የወደፊቱ ሥራ ሁሉ ሜታቨርስ በሚባል በኮምፒዩተር በተፈጠረ ዓለም ውስጥ እንደሚሆን አስታወቀ። በ2022 ለዚህ ሥራ የተቋቋመው ክፍል ከ13 ቢልዮን ዶላር በላይ ኪሳራ አሳየ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ኩባንያው ከ11,000 በላይ ሠራተኞች አሰናበተ፤ በ2023 በመጋቢትም 10,000 የሚሆኑ ሌሎች እንደሚሰናበቱ ገለጸ። የስንብቱ ምክንያት ሜታቨርስ ብቻ አልነበረም፤ በወረርሽኙ ዘመን ገበያው እንደ ደራ ይቀጥላል ተብሎ ብዙ ሰው መቀጠሩ ዋናው ነበር። ሆኖም ለሠራተኛው የሚተርፈው ትምህርት አንድ ነው፤ ትልልቆቹም ኩባንያዎች ነገን በትክክል አያዩም፤ ሲሳሳቱም የስሕተቱን ዋጋ ሠራተኛውም አብሮ ይከፍላል።

እንግዲህ ፋሽኑን የሚያነሣሣው ማን ነው? ነገሩን ስንመረምረው አንድ ጥፋተኛ አናገኝም። ገንዘቡን የሚያወጣው ባለሀብት ከትርፉ እንዳይቀር ይፈራል። ሥራ አስኪያጁ ተወዳዳሪዎቹ እንዳይቀድሙት ይፈራል። አማካሪውና አሠልጣኙ ዐዲስ ነገር ከሌለ የሚሸጡት የላቸውም። ወጣቱ ሠራተኛ ደግሞ የሥራ ማስታወቂያውን ሲያነብ የዐዲሱን መሣሪያ ስም ስለሚያገኝ፣ ያንን ስም በማመልከቻው ላይ ለመጻፍ ሲል መሣሪያውን ለማያስፈልገው ሥራ እንኳ ያውለዋል። እያንዳንዱ በበኩሉ በቂ ምክንያት አለው። የሁሉም ምክንያት ሲደመር ግን ማንም ያልፈለገው ሩጫ ይሆናል።

፫. የድረ ገጽ ሥራ እንደ ምሳሌ

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ከኮምፒዩተር ሙያ ዘርፎች አንዱን፣ የድረ ገጽን ሥራ፣ እንውሰድ። ድረ ገጾች ከተጠቃሚው ጋር እንዲነጋገሩ የሚያደርገው ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ነው። ይህን ቋንቋ ብሬንደን አይክ በ1995 በኔትስኬፕ ኩባንያ ውስጥ ሆኖ የመጀመሪያ ቅርጹን በዐሥር ቀን አወጣለት።

በ2006 ጄኲዌሪ የሚባል መሣሪያ መጣና ሥራውን እጅግ አቀለለው፤ ሁሉም ተማረው። በ2010 የጎግል ኩባንያ አንጉላር ጄኤስን አወጣ፤ ይህም ፍሬምወርክ የሚባለው፣ አስቀድሞ የተሰናዳ የሥራ መዋቅር ነው። በ2013 ፌስቡክ ሪአክትን ለሕዝብ ለቀቀ። በ2014 ቪው የሚባለው ተከተለ። በ2016 ጎግል ሁለተኛውን አንጉላር ሲያወጣ ከፊተኛው ጋር በስም እንጂ በአሠራር ስላልተስማማ፣ በፊተኛው የተጻፈ ሥራ ሁሉ እንደ ገና መጻፍ ያለበት ሆነ። ለፊተኛው ይሰጥ የነበረውም ድጋፍ በ2021 መጨረሻ ተቋረጠ። ከዚህ ጐን ለጐን ፍላሽ የሚባለውን መሣሪያ በመጠቀም ሥዕልና ጨዋታ እየሠሩ ይተዳደሩ የነበሩ ሰዎች፣ በ2020 መጨረሻ አዶቤ ኩባንያ ፍላሽን ፈጽሞ ሲያቆመው ሙያቸው አብሮ አከተመ።

በ2006 በሃያ አምስት ዓመት ዕድሜው ሥራ የጀመረን ሰው እናስብ። ዐርባ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያንኑ አንድ ዐይነት ሥራ፣ ማለት ፎርም ማሳየትን፣ የተሞላውን መቀበልን፣ ዝርዝር ማውጣትን፣ አራትና አምስት ጊዜ በተለያየ መሣሪያ እንደ ገና ተምሮታል። ድረ ገጹን የሚጠቀመው ሰው የሚያየው ግን ያው ፎርም ነው።

፬. ለምን ያዝላል?

አንዳንዶች "ሐኪምም መሐንዲስም ዕድሜ ልኩን ይማራል፤ የኮምፒዩተር ሠራተኛ በምን ይለያል?" ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ሐኪሙ ግን ዐዲስ መድኃኒት ሲማር ስለ ልብና ስለ ሳንባ የሚያውቀው አይሰረዝበትም፤ ዐዲሱ በአሮጌው ላይ ይደረባል። በአገራችንም የቈየ ትምህርት ሊቁ በዕድሜ በገፋ ቍጥር ክብሩ እየጨመረ ይሄዳል። ሸማኔ ዐሥር ዓመት ከሠራ በኋላ ድሩና ማጉ በእጁ ስለሚታወቁት ሥራው ይቀለዋል። በየሦስት ዓመቱ መጥተው ዕቃውን የሚለዋውጡበት ቢሆን ግን፣ ከጐረቤቱ ልጅ እኩል እንደ ገና ጀማሪ ይሆን ነበር። መማር ራሱ ደስ ያሰኛል፤ የሚያዝለው ከተማሩ በኋላ እንደ ጀማሪ መቈጠር ነው።

ማስላክና ማይክል ላይተር በ1997 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ዝለት የሚመጣው ሠራተኛውና ሥራው በስድስት ነገሮች ሳይስማሙ ሲቀሩ እንደ ሆነ አስረድተዋል። እነዚህም የሥራ ብዛት፣ በሥራ ላይ ያለ ሥልጣን፣ ዋጋ ማግኘት፣ የባልንጀርነት ኑሮ፣ ፍትሕና የሚያምኑበት ዓላማ ናቸው። የፋሽኑ ሩጫ ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ አራቱን ይነካል ብለን እናምናለን።

አንደኛ፣ የሥራው ብዛት በግልጽ አይታይም። ዐዲሱን መሣሪያ መማር በአብዛኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በማታና በዕረፍት ቀን የሚደረግ ስለ ሆነ በማንም መዝገብ ላይ አይጻፍም።

ሁለተኛ፣ ሠራተኛው መሣሪያውን ለመምረጥ ሥልጣን የለውም። ለውጡ ከላይ ይታዘዛል፤ ወይም መሣሪያውን የሠራው ሩቅ ያለ ኩባንያ አቁሜዋለሁ ሲል ይደርሰዋል።

ሦስተኛ፣ ልምድ ዋጋ ያጣል። ዐሥር ዓመት የሠራው ሰው፣ ከስድስት ወር በፊት የወጣውን መሣሪያ አላወቀም ተብሎ በቀጠሮ ፈተና ላይ ሊወድቅ ይችላል።

አራተኛ፣ ዓላማው ይደበዝዛል። ሠራተኛው በመጀመሪያ ወደ ሙያው የገባው ለሰው የሚጠቅም ነገር ለመሥራት ነው። የሠራው ነገር ሳይጠናቀቅ በሌላ ፋሽን ሲተካ ደጋግሞ ሲያይ "ይህስ እስከ መቼ ይቈያል?" ማለት ይጀምራል። ማስላክ የገለጹት ማፌዝና የከንቱነት ስሜት የሚገባው በዚህ በር ነው።

እዚህ ላይ ከላይ ወደ ጠቀስናቸው አምስት ደረጃዎች እንመለስ። ኢንዱስትሪው በጠቅላላው ሲታይ አንዱን ቴክኖሎጂ ይዞ ዐቀበቱን ወጥቶ፣ ሸለቆውን ወርዶ፣ በመጨረሻ ሜዳው ላይ ይደርሳል። ሠራተኛው ግን በተስፋው ጫፍ ላይ ተጠርቶ ይማራል፤ ወደ ሸለቆው ሲወርድ ወደ ሌላው ዐቀበት ይዛወራል። ሜዳውን ሳያይ ዐቀበትና ቍልቍለቱን ብቻ ሲመላለስ ይኖራል። የዝለቱ ምስጢር በዚህ ውስጥ ይገኛል።

፭. የማይለወጠው ነገር

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ሙያው በሙሉ አሸዋ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። ከፋሽኑ ሥር የማይናወጥ አለት አለ።

ኤድጋር ኮድ በአይ ቢ ኤም ሳለ በ1970 ያቀረበው የዳታቤዝ ሐሳብ ዛሬም የባንክ፣ የሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲ መዝገብ የሚያዝበት መሠረት ነው። ከ2009 ወዲህ "ኖኤስኪዩኤል" የሚል ሌላ ወገን ተነሥቶ የኮድ ዘመን አለፈ ሲባል ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱም ጐን ለጐን ቀሩ፤ የኮድን ሐሳብ የተማረም አልከሰረም። ሲ የሚባለው ቋንቋ በ1972 ተፈጠረ፤ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ሊኑክስ በዚሁ ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን ዛሬ የዓለምን ሰርቨሮችና የአንድሮይድ ስልኮችን ያንቀሳቅሳል። ኮቦል የሚባለው ቋንቋ ሥራው የተጀመረው በ1959 ነው። አርጅቷል ተብሎ ከብዙ ትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ፣ በ2020 በሚያዝያ ወር የኒው ጀርሲ አገረ ገዥ፣ የሥራ አጦች የድጎማ መዝገብ በጥያቄ ብዛት ሲጨናነቅ፣ ኮቦል የሚያውቁ ሰዎች በፈቃደኝነት እንዲረዱ በይፋ ለመኑ።

ፍሬድ ብሩክስ የአይ ቢ ኤምን ሲስተም 360 ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሥራ የመራ ሰው ነበር። በ1986 በጻፈው ጽሑፍ፣ በፕሮግራም ሥራ ሁለት ዐይነት ችግር እንዳለ አሳይቷል። አንዱ ከመሣሪያው የሚመጣ ችግር ነው፤ ይህን የተሻለ መሣሪያ ያቃልለዋል። ሁለተኛው ከራሱ ከጕዳዩ የሚመጣ ነው፤ ሥራው ምን እንደ ሆነ በትክክል መረዳት፣ ክፍሎቹን ማስማማት፣ ሲለወጥ አለማፍረስ ነው። ይህን ሁለተኛውን ችግር አንድ መሣሪያ ብቻውን ሊያስወግደው ስለማይችል፣ በዐሥር ዓመት ውስጥ የሥራውን ፍሬ ዐሥር እጥፍ የሚያደርግ አንድ ዘዴ አይገኝም አለ።

የዛሬው ታላቅ ጥያቄ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ቻት ጂፒቲ በ2022 በኅዳር ወር ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ፣ ኮድ የሚጽፉ መሣሪያዎች በዝተዋል፤ ሥራቸውም በእውነት የሚያስደንቅ ነው። ይህን ከተራ ፋሽን ጋር መመደብ አይገባም። ሆኖም ተስፋው ከልክ ሊያልፍ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። በ2025 ሜተር የተባለ የምርምር ድርጅት 16 ልምድ ያላቸውን ፕሮግራም ጸሐፊዎች በሚያውቁት ሥራ ላይ ሲፈትን፣ በመሣሪያው ሲሠሩ 19 በመቶ ያህል የበለጠ ጊዜ ወስዶባቸዋል። እነርሱ ግን ከሥራው በኋላ ሲጠየቁ 20 በመቶ ያህል የፈጠኑ መስሏቸው ነበር። የተፈተኑት ሰዎች ጥቂቶች ናቸው፤ መሣሪያዎቹም በየጊዜው ይሻሻላሉ። ስለ ሆነም ጥናቱ መሣሪያው አይጠቅምም ለማለት አያበቃም። የሚያስተምረው ግን የመፍጠን ስሜትና መፍጠን የተለያዩ መሆናቸውን ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ምሳሌ ለዚህም ይሠራል።

፮. ተቃራኒ አስተያየት

"ለውጥን የሚፈራ ወደ ኋላ ይቀራል" የሚሉ አሉ፤ እውነትም አላቸው። ቶርቫልድስ በ2005 ያወጣው ጊት የሚባለው የኮድ መዝገብ መያዣ በመጀመሪያ ዐዲስ ነገር ነበር፤ ዛሬ ግን ያለ እርሱ በኅብረት መሥራት የሚቻል አይመስልም። በ2006 ጄኲዌሪን የተማሩትም አልተታለሉም፤ በዚያ ጊዜ ችግራቸውን ፈቶላቸዋል፤ ዛሬም በብዙ ድረ ገጾች ውስጥ ይገኛል። ዐዲስ የሆነውን ሁሉ መናቅ፣ ዐዲስ የሆነውን ሁሉ እንደ ማምለክ ያለ ስንፍና ነው። ሁለቱም ከመመርመር ያድናሉና።

ስለዚህ ጥያቄው ለውጥ ይምጣ ወይስ አይምጣ አይደለም። ለውጡ የትኛውን ችግር ይፈታል? ችግሩ የማን ነው? ወጪውን የሚከፍለውስ ማን ነው? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

፯. ለእኛ የሚሆን ሐሳብ

ለተማሪዎች። የትምህርት ጊዜያችን አጭር ነው፤ የኢንተርኔት ወጪውም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከጊዜያችን የሚበልጠውን ክፍል ቶሎ ለማያረጀው፣ ማለት ለአልጎሪዝም፣ ለመረጃ አደረጃጀት፣ ለዳታቤዝ ሥርዐት፣ ለኔትወርክ አሠራርና ሐሳብን በጽሑፍ አጥርቶ ለመግለጽ ብናውለው ይሻላል። ከፋሽኑ መሣሪያዎች አንዱን መርጠን በሚገባ እንያዝ፤ እንጀራ የሚገኘው በእርሱ ነውና። አምስቱን በጥቂት በጥቂቱ መቅመስ ግን ለማመልከቻ ወረቀት ካልሆነ በቀር ለሥራ አይረባም። አንዱን ጠልቆ ያወቀ ሰው፣ ሁለተኛው ሲመጣ ተመሳሳዩንና ልዩነቱን ለይቶ በአጭር ጊዜ ይማረዋል።

ለመምህራን። ኮርሶች በመሣሪያ ስም ሳይሆን በሚያስረዱት ሐሳብ ቢሰየሙና ቢዘጋጁ፣ ተማሪውም አንድን ሥራ በሁለት መሣሪያ ሠርቶ ልዩነቱን እንዲያስረዳ ቢታዘዝ፣ ከፋሽኑ ሥር ያለውን ነገር ለማየት ይለምዳል ብለን በትሕትና እናሳስባለን።

ለአሠሪዎች። የሥራ ዝለትን በምክርና በዕረፍት ቀን ብቻ ለመፈወስ መሞከር ሥሩን ትቶ ቅጠሉን ማጠጣት ነው። መማሪያ ጊዜ በሥራ ሰዓት ውስጥ ቢመደብ፣ መሣሪያ ከመለወጡ በፊት የሚሠሩበት ሰዎች አስተያየት ቢጠየቅ፣ አሮጌውን ሥራ ጠብቆ የሚያኖረው ሠራተኛም ዐዲሱን ከሚጀምረው እኩል ቢከበር፣ ብዙ ሰው ሳይዝል ይቈያል።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው የኮምፒዩተር ሠራተኛ የሚዝለው ዕውቀት ጠልቶ አይደለም። ዕውቀቱ ሲከማችለት ስለማያይ፣ በሚለወጠው ነገር ላይም ድምፅ ስለሌለው ነው። ከዚህም ከፊሉን እያንዳንዱ ሰው በሚመርጠው ትምህርት ሊያቃልለው ይችላል፤ ከፊሉ ግን በአሠሪውና በሙያ ማኅበር ካልሆነ በአንድ ሰው ብርታት አይፈታም። የዛለውን ሰው "ደካማ ነህ" ብሎ መውቀስ ይህን ሁለተኛውን ክፍል መሸፈን ይሆናል።

ከዚህ ኮሌጅ ተመርቀው በሙያው የተሰማሩ ወንድሞችና እኅቶች በአዲስ አበባና በየክፍለ ሀገሩ አሉ። ከተመረቁ ወዲህ ስንት ጊዜ መሣሪያ እንደ ለወጡ፣ ከኮሌጁ ከተማሩት የትኛው እንደ ቈየላቸው፣ የትኛው እንደ ከሰረባቸው ቢጠየቁ፣ መልሳቸው ለሥርዐተ ትምህርቱ ዝግጅት ታላቅ እርዳታ ይሆናል። በሚመጣው ዓመት ይህን መጠይቅ ይዞ የሚነሣ ተማሪ ቢገኝ ደስታችን ነው።